ለእንግዳ የተቀመጠ ስኳር

ጀዊሪያን የሚሰድባት ሰው ብዙም አያበሳጫትም። እሷን የሚያንጨረጭራት እሑድ በቀበሌ ስብሰባ ላይ መዳፉ እስኪቀላ አጨብጭቦ፣ ሰኞ ጠዋት የገባበት የሚጠፋው ነው። «የሰዳቢዬንማ ቤት አውቀዋለሁ፤ ሄጄ አንኳኩቼ መልሱን እሰጠዋለሁ። አጨብጫቢውን የት ልፈልገው?» ትላለች። አዲሱ ገበያ ቅመም ስትነግድ የኖረች ሴት ናት፤ ድምጿ ከአንዱ ተራ ጀምሮ እስከ ሌላው ይሰማል። ያን ክረምት ግን ጉሮሮዋ እስኪዘጋ የጮኸችው ለራሷ አልነበረም።

የጮኸችው ለእማማ አበራሽ ነው። እማማ አበራሽ የጀዊሪያ የአጥር ጎረቤት ናቸው። ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ፣ ባላቸው አቶ ለሜሳ በገዛ እጃቸው ምርጊቱን እየመረጉ በሠሯት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። አቶ ለሜሳ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅም አልወለዱም። እማማ ለሸማኔዎች ጥጥ እየፈተሉ ነው የኖሩት፤ ዓይናቸው ሲደክም እንዝርቱን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ጀዊሪያ ከስልጤ አገር ገና ሙሽራ ሆና ስትመጣ አማርኛዋ እንኳ የተሰባበረ ነበር። እናትም እህትም በሌለችበት አገር የመጀመሪያ ልጇን በዚሁ በእማማ ቤት ስትወልድ፣ ገንፎ ያገነፉላት፣ ልጁን ያጠቡላት፣ «አይዞሽ» ያሏት እሳቸው ናቸው። ጀዊሪያ ይህን አትረሳም። የምትረሳ ብትሆን ኖሮ ያን ሁሉ ጣጣ ማን ያመጣባት ነበር!

በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንደጣለ፣ እማማ ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። ወጌሻ መጥቶ አሻቸው፤ አጥንታቸው አልተሰበረም፣ ከዚያ ወዲህ ግን ያለ ምርኩዝ የማይንቀሳቀሱ ሆኑ። ወሬው ቀበሌ ደረሰ። እሑድ ስብሰባው ሊያበቃ ሲል የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊው ጓድ ጌቱ ተነሣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሲናገር ግን ከሬዲዮ የወጣ ይመስላል።

«ጧሪ የሌላቸው እናት በመካከላችን አሉ» አለ። «መንግሥት ለእንደነዚህ ያሉት መጦሪያ አዘጋጅቷል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ንጹሕ አየር ያለበት ነው። ቤታቸውም ለወጣቶች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ይሆናል። ሐሳብ ያለው አለ?»

ያ ሁሉ ጎረቤት፣ ያ ሁሉ እማማ ሲሉ የኖረ አፍ፣ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። ጀዊሪያ ቱግ አለች።

«ጧሪ የላቸውም ያለው ማነው? እኛ ሞተናል እንዴ?»

«ጓዲት ጀዊሪያ፣ በሥርዓት…»

«በሥርዓት ነው የምናገረው! ውሃ የሚቀዳ አለ፣ ቤት የሚጠርግ አለ፣ ወጥ የሚሠራ አለ። ተራ ገብተን እንረዳቸዋለን። እማማ ከቤታቸው አይወጡም፣ በቃ!»

ያኔ ነው ጭብጨባው የቀለጠው። ጓድ ጌቱ እስኪያበቃ ጠበቀና፣ «መልካም» አለ። «ከአብዮት በዓል በፊት፣ በጳጉሜን መጥቼ ራሴ አያቸዋለሁ። ተጎሳቁለው ካገኘኋቸው ግን ይሄዳሉ። ያኔ ደግሞ ማንም እንዳይጮህብኝ።»

ተራው እንዲህ ተደለደለ። ግንበኛው ዋቅጋሪ ከቦኖ ውሃ ይቀዳል። የቢሮ ጸሐፊዋ ውባለም ቤት ታጸዳለች፣ ልብስ ታጥባለች። ባለሱቁ ሸፊ ኅብረት ሱቅ እየተሰለፈ የእማማን የራሽን ስኳርና ዱቄት ያወጣል፣ ላምባም ያቀርባል። ምግቡ የጀዊሪያ ነው። እስላም ብትሆንም የእማማን የጾም ቀን ከውባለም ይልቅ እሷ ታውቃለች። ሥጋ በሁለቱ ቤት መካከል አያልፍምና፣ ከዚያ በመለስ ያለውን ምስሩንም ሽሮውንም ጎመኑንም እየሠራች በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብላለች።

በወረቀት ላይ ቢሆን እንዴት ያማረ ነበር! ዋቅጋሪ በመጀመሪያው ሳምንት ወገቤን አለ። ውባለም፣ «ዊንጌት ታክሲ አጥቼ መሸብኝ» አለች፤ በማግስቱም ታክሲ አጣች። ሸፊ ብቻ ነው ያለ ቃል የሚሰለፈው፤ እሱም ቢሆን ፊቱ የተቋጠረ ነው። ጀዊሪያ ገበያ ከመውረዷ በፊት በየበሩ እየዞረች ትቀጠቅጣለች። «ዋቅጋሪ! ወገብህ ጠላ ቤት ሲሄድ አያምህም?» «ውባለም! ታክሲው እንቢ ካለሽ እግርሽን ማን ወሰደው?» ሰዎች በሩቁ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ደግ ሥራ ለመሥራት ሰው ሁሉ የሚጠላሽ ሴት መሆን አለብሽ? ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱንም ራሷ አወቀችው።

ሐምሌ ሲጋመስ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ዋቅጋሪ ሳይጠራ መምጣት ጀመረ፤ ከሥራ በፊትም ከሥራ በኋላም። ውባለም አንድ ቀን እንኳ አትቀርም። እንዲያውም ተራቸው ያልሆኑ ጎረቤቶች «እማማን ጠይቀን እንምጣ» እያሉ ጎራ ይላሉ። ጀዊሪያ ደስ አላት፤ «ጩኸቴ ሠራ» ብላ ኮራች። እሷም ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያ ስትወርድ ጎራ ትላለች፤ እማማም ሻይ አፍልተው ይጠብቋታል። «ኧረ እኔ ቸኩያለሁ» ስትል፣ «በሞቴ!» ይሏታል። በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይደረጋል? ትቀመጣለች፣ ትጠጣለች። ጣፋጭ ትወዳለች፤ ሦስት ማንኪያ ካልገባበት ሻይ አይመስላትም።

ግን እማማ ከሱ። ጉንጫቸው ገባ፣ የቀሚሳቸው አንገት ሰፋባቸው። ሰው እየበዛላቸው ሄደ፣ እሳቸው እያነሱ ሄዱ። ጀዊሪያ ምግቡን አበዛች፤ ሳህኑ ተጠርጎ ይመለሳል፣ እማማ ግን እንደዚያው ናቸው። «እየበሉ ነው?» ስትል፣ «ጥግብ እያልኩ!» ይሏታል። ስኳሩ ደግሞ ወር ሳይጋመስ ያልቃል፤ ዱቄቱም እንዲሁ። አንዲት አሮጊት ይህን ሁሉ ስኳር በምን ሆዷ? ጀዊሪያ አሰበች፣ አሰበች፣ ጭንቅላቷ አንድ ቦታ ብቻ አደረሳት። ስኳሩን የሚያወጣው ማነው? ሸፊ። ሱቅ ያለው ማነው? ሸፊ።

ቀስ ብላ መጠየቅ ትችል ነበር። ቀስ ብሎ መጠየቅ ግን አልፈጠረባትም! ሰው በሞላበት ሱቁ በር ላይ ቆማ ለቀቀችበት።

«የአሮጊት ስኳር ጣፈጠህ ወይ ሸፊ? አላህን አትፈራም?»

ሸፊ ሚዛኑን አስቀመጠ። ከመሳቢያው የእማማን የራሽን ካርድ አወጣና ባንኮኒው ላይ ወረወረላት። «በይ አንቺው ተሰለፊ» አለ፣ ዞሮም ለሌላ ሰው ሳሙና መቁረጥ ጀመረ። ተሰለፈችም። ዝናብ እየወረደባት ቆማ፣ ተራዋ ሲደርስ «ስኳር አልቋል፣ ነሐሴ ሲገባ ተመለሺ» ተባለች። ያን ቀን ሸፊን፣ ኅብረት ሱቁን፣ ዝናቡን፣ የራሷንም እግር ስትረግም ዋለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ለሰልፍ ተብሎ ገበያው ተዘጋ። ጀዊሪያ መገኘቷን አሳይታ፣ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ሾልካ ተመለሰች። ፀሐይ ብቅ ብላ ስለነበር የእማማን ብርድ ልብስ ላጥብ ብላ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጓሮ ገባች። መምጣቷን እማማ አላወቁም። ጀዊሪያም ገና ሳሙናውን ሳታነሣ፣ የዋቅጋሪን ድምፅ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ሰማች። ውሃውን ገለበጠ፣ «እንግዲህ ልሂድ እማማ» አለ።

«ቁጭ በል ልጄ።»

«ኧረ እማማ፣ ሥራ አለብኝ።»

«በሞቴ! ደረቅ አፍህን ልሸኝህ? ለለሜሳ ቤት መጥፎ ስም ልታወጣለት ነው?»

ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ተንኳኳ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ቀጥሎ ሳህን ሲከፈት ተሰማ። ጀዊሪያ በመስኮቷ ቀዳዳ አጮለቀች። ዋቅጋሪ ዱካው ላይ ተቀምጦ ይበላል። ምኑን? ጠዋት ያቀበለችውን ምስር ወጥ! በራሷ ባለአበባ ሳህን! እማማም አጠገቡ ቆመው፣ ምርኩዛቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ጉርሻ ያጎርሱታል። «ኧረ ጠገብኩ እማማ፣ ኧረ በማርያም» ይላል ዋቅጋሪ፤ አፉ ግን ይከፈታል።

ዋቅጋሪ ሲወጣ ውባለም ገባች። ለእሷም ሻይ ተፈላ፣ ለእሷም ዳቦ ተቆረሰ። ውባለምም «ለኔ ብቻ እንዲህ እየተቸገሩ!» እያለች ጠጣች። ጀዊሪያ ከጓሮው በረረችና ገባች።

«ለአንቺ ብቻ? ለአንቺ ብቻ ነው?» ጮኸች። «ዋቅጋሪስ? ሌላውስ? እማማ፣ እርስዎ ዛሬ ምን በሉ?»

«እኔ ምን አፍ አለኝ ልጄ፣ ቂጣ ቀምሻለሁ።»

«ስኳሩን፣ ዱቄቱን፣ የኔን ወጥ ሁሉ ለእነዚህ ነው የሚያበሉት? ሊረዱዎት ነው እኮ የመጡት!»

እማማ ገርሟቸው አዩዋት። «ታዲያ ውሃ ተሸክሞ ዳገት የወጣን ሰው እንዴት ነው የምሸኘው? ቤት ያለኝ ሰው አይደለሁ? ማንም አፉን ሳያረጥብ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። አንቺንስ ጠዋት ጠዋት ባዶ አፍሽን ሸኝቼሽ አውቃለሁ?»

ጀዊሪያ የራሷን ብርጭቆ አሰበች። ሦስት ማንኪያ። በየጠዋቱ። እሷም እኮ ለእሷ ብቻ የሚደረግ መስሏት ነው! አንድ ብርጭቆ ሻይ እምቢ ብላ አሮጊት ከማስቀየም መጠጣት ይሻላል ብላ ነው። ዋቅጋሪም እንዲሁ ብሏል፣ ውባለምም እንዲሁ ብላለች። በይሉኝታ ተያይዘው የሴትዮዋን የወር ቀለብ ጨርሰውታል። በሰው ፊት ሌባ የተባለው ደግሞ ከሁሉ መካከል ቁጭ ብሎ አንድ ብርጭቆ ያልጠጣው ሸፊ ነው። ላምባውን በር ላይ አድርሶ «ሱቅ አለብኝ» ብሎ የሚመለሰው ሸፊ!

ጀዊሪያ ስትናደድ አዋጅ ታውጃለች። በዚያው ቀን በየቤቱ ዞረች። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም እማማ ቤት አይቀመጥም፣ ምንም አይቀምስም። ውሃውን በር ላይ፣ ልብሱን በር ላይ፣ ከዚያ ወደ ቤታችሁ!» ሁሉም እሺ አለ። እንደዚህ ፈጥነው እሺ ያሏት ቀን ኖሮ አያውቅም። ዋቅጋሪ ውሃውን ገልብጦ ቁልቁል ይሮጣል። ውባለም ጠርጋ ስታበቃ እማማ «በሞቴ» ሲሉ ጆሮዋን ይዛ ትወጣለች። ጀዊሪያ ራሷ ወጡን በአጥሩ አቀብላ፣ ዞር ሳትል ገበያዋ ትወርዳለች።

ሦስት አራት ቀን እንዲሁ አለፈ። ከዚያ የጀዊሪያ ሳህን እንደሞላ ተመለሰ። በማግስቱም እንደሞላ ተመለሰ። ጀዊሪያ ገባች፤ እማማ አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል።

«ለምን አይበሉም?»

«አልራበኝም።»

«እማማ፣ ጌቱ እኮ ሊመጣ ነው። እንዲህ ሆነው ካገኘዎት ይወስድዎታል።»

«ይውሰደኝ።» ፊታቸውን አላዞሩም። «እዚያ የመንግሥት እጅ ነው፤ የመንግሥትን እጅ አላፍረውም። የናንተን እጅ ግን ባዶውን መመለስ አልቻልኩም። ለምጻም እንደሆንኩ ሁሉ ደጄ ላይ ጥላችሁ ትሮጣላችሁ። ምን አድርጌያችሁ ነው?»

«ለእርስዎ ብለን ነው እኮ!» አለች ጀዊሪያ። «እኔ ለእርስዎ ብዬ ከሰው ሁሉ ተጣልቼ…» ወጥታ ከአጥሩ ሥር ቆማ በንዴት አለቀሰች። ሲሸኙ ይከሳሉ፣ ሳይሸኙ ይሞታሉ! ይህችን ሴት ምን ብታደርጋቸው ነው በቤታቸው የሚቆዩላት?

ሸፊ ሱቅ ሄደች። ይቅርታ ልትል ነበር፤ ይቅርታ ለምላሷ አዲስ ቃል ሆነባት። «ስኳሩን የጨረስኩት እኔ ነኝ» አለችው።

«ስንት ማንኪያ?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ሦስት።»

«ይበዛል» አለ ሸፊ። ዕቃውን መደርደር ቀጠለ።

ጳጉሜን ገባች። ጓድ ጌቱ እንዳለው መጣ፤ ካፖርቱ እየተንጠባጠበ፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ ጠረገና ገባ። ጀዊሪያ ቤቱን ስትፈትግ አንግታ ነበር፤ እሱን ተከትላ ስትገባ ግን ያላየችው ነገር ጠበቃት። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ሥር በጋቢ የተቋጠረ ጓዝ አለ። አቶ ለሜሳ በመረጉት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረው እንዝርት እንኳ ወርዶ ቋጠሮው አናት ላይ ተሰክቷል።

«እማማ፣ የሚረዳዎት አለ?» አለ ጌቱ።

«ይመጣሉ» አሉ እማማ። «በር ላይ ጥለው ይሄዳሉ።»

ጌቱ ጀዊሪያን ዞሮ አያት። ሁሉን ልትዘከዝከው ነበር፤ ስኳሩን፣ ምስሩን፣ ዋቅጋሪን፣ ጉርሻውን። ግን ቢሰማስ ምን ሊል ነው? «ታዲያ ቤት ማስተዳደር አይችሉም ማለት ነዋ!» ነው የሚለው። ዱካው ላይ ዘፍ አለች።

«እማማ» አለች፣ «ጠምቶኛል። ሻይ አፍሉልኝ።»

እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። ጌቱ ሰዓቱን አየ። እማማ ግን ምርኩዛቸውን ፈለጉ፣ ያዙት፣ ተነሡ። ጀዊሪያ ልትደግፋቸው እጇ ሲሄድ ራሷ መልሳ ጭኗ ላይ ያዘችው። የላምባ ምድጃውን ለኮሱ፣ ጀበናዋን ሳይሆን ጥቁሯን ማንቆርቆሪያ ጣዱ፣ ብርጭቆ አለቀለቁ። እግራቸው ይጎተታል፣ እጃቸው ግን ሳያዩ የሚፈልገውን ያነሣል።

«አንተስ ለምን ትቆማለህ?» አሉት ጌቱን። «በዚህ ቤት ቆሞ የሚጠጣ የለም። ተቀመጥ።»

የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊው ተቀመጠ።

በዚህ መካከል ሸፊ የላምባ ጠርሙስ ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። ሊያስቀምጥና ሊመለስ ጎንበስ ሲል ጀዊሪያ፣ «ግባ!» አለችው። እንደ ትእዛዝ ነው የወጣላት፤ ሰማችውና ደነገጠች። «ግባ በአላህ፣ ሸፊ። ሻይ ጠጣ።»

ሸፊ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ የልብስ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ።

እማማ ቀዱ። የስኳር ጣሳውን ከፍተው በማንኪያ ጫሩት፤ የጣሳው ታች ተፋቀ። የወጣችውን ሁሉ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ ለጌቱ ሰጡት። ለጀዊሪያና ለሸፊ ደግሞ እንዲሁ ሰጧቸው።

ጌቱ ጠጣ። ማንቆርቆሪያውን አየ፣ ምድጃውን አየ፣ እማማን ከእግር እስከ ራስ አየ። «እንግዲህ ቆመው ይሠራሉ» አለ። «ከስተዋል ግን። ለጊዜው ይቆዩ። ለጥር ተመልሼ አያለሁ።» አመስግኖ፣ ብርጭቆውን ባዶ አድርጎ ወጣ።

ለጥር! ጀዊሪያ ጥርሷን ነከሰች። ይህ ሁሉ ክረምት፣ ይህ ሁሉ ጩኸት፣ ይህ ሁሉ ጠብ ለአራት ወር ብቻ ነው! ለጥር ደግሞ እንደገና፣ ከጥርም በኋላ እንደገና። ንዴቷን ልታወርደው ከብርጭቆዋ አንድ ትልቅ ጉንጭ ጎነጨች፤ ፊቷ ተጨማደደ።

«እማማ፣ ይሄ ሻይ ስኳር የለውም!»

«አዎ የለውም» አሉ እማማ። አልጋቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ምርኩዛቸውን አጠገባቸው አስደገፉት። «ስኳር ለእንግዳ ነው። እሱ እንግዳ ነው። ደጄ ላይ እየጣላችሁ ከሄዳችሁ ወዲህ ሳወጣ ሳወርድ ነው የከረምኩት፤ የኔ ጥፋት ነው። እንግዳ አድርጌ ስቀበላችሁ ነው የኖርኩት፤ እንግዳ ደግሞ ሲጠግብ ይሄዳል። አንቺ ግን እዚህ ቤት ልጅ የወለድሽ ነሽ። የቤት ሰው ያለውን ይጠጣል።»

ሸፊ ብርጭቆውን ከአፉ ሳያነሣ እህ እህ አለ፤ ሳቅ ይሁን ትንታ አልታወቀም።

ጀዊሪያ መራራውን ሻይ እንደ መድኃኒት እስከ ታች ጠጣችው፣ ብርጭቆዋንም ዘረጋች። «ድገሙኝ።»

«ራስሽ ቅጂ» አሉ እማማ። «ስትመለሺ ደግሞ ይሄን ጓዝ ፍቺልኝ። እንዝርቱንም ወደ ቦታው መልሺው። ከዚያ እስኪ ያንን ምስር አሙቂልኝና አብረን እንብላ፤ ርቦኛል።»